ዙሪያውን የተላጠው ማንጎ

ከትምህርት ቤት ስመለስ እማማን ደጃፌ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጥቅምት ሊያልቅ ነው፤ ዕለቱም የገበያ ቀን ነበር። እንደ ሌላው ጊዜ ጎመን ወይም እንቁላል አልያዙም። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና መዳፍ የሚያህል የደረቀ የዛፍ ልጥ እጄ ላይ አኖሩት።

«ስለ ዛፍ ነው አሉ የምታስተምሪው» አሉኝ። «እስቲ ይኸን መልሶ የሚያጣብቅ መድኃኒት ካለ ንገሪኝ።»

ልጡን አገላብጬ አየሁት። በስተውጭ ሻካራ ነው፤ በስተውስጥ ለስላሳ ሆኖ ሲደርቅ ተጠቅልሏል። ሙጫው ገና የማንጎ ሽታ ይሸታል።

«ከየት መጣ፣ እማማ?»

«ከማንጎዬ ነዋ። ዙሪያውን ተላጠብኝ።»

«ማን ላጠው?»

«በሬ። የዋርሳዬ በሬ።»

እማማ ዘመዴ አይደሉም። እኔ የወረታ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ አባቴ፣ አላህ ይማረውና፣ ከተማው ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። እሳቸው ደግሞ ወደ ጣና በሚወስደው ሜዳ ላይ የሚኖሩ የገበሬ ባልቴት ናቸው። ገበያ ሲመጡ ዕቃቸውን አባቴ ሱቅ ያስቀምጡ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከዕቃው መካከል የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በግንቦትና በሰኔ የሚያመጡትን ማንጎ። አባቴ ከሞተና ሱቁ ከተዘጋ በኋላ የእማማ ማረፊያ ወደ እኔ ቤት ዞረ። ሥጋ ካልሆነ በቀር የማንካፈለው ነገር አልነበረንም።

ያንን ማንጎ የተከሉት ባላቸው ናቸው። ከሰው ፍሬ ለምነው፣ በጣሳ አብቅለው፣ ከቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ አኖሩት። ባልየው ከሞቱ ወዲህ የእማማን መሬት ሲያርሱ የኖሩት የባልየው ታናሽ ወንድም ናቸው፤ እማማ «ዋርሳዬ» የሚሏቸው እሳቸውን ነው። ቤታቸው ከእማማ ቤት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ለውኃው ቀረብ ብሎ ይገኛል።

በዚያ ክረምት የርብ ወንዝ ሞላ፤ ጣናም መልሶ ገፋው። ፎገራ ላይ የተወለደ ሰው በውኃ አይደነቅም፤ ከብቱን ወደ ከፍታ ነድቶ፣ እህሉን ቆጥ ላይ ሰቅሎ፣ እስኪሸሽ ይጠብቃል። የዚያን ዓመት ግን የዋርሳቸውን ቤት ግድግዳ ውኃው ናደው። ሰውየው ቤተሰባቸውን ወደ ዘመድ ልከው ሁለት በሬዎቻቸውን ወደ እማማ ጉብታ አመጡ። እማማም «ግባ፣ የወንድምህ ቤት ነው» አሉ። በሬዎቹ የታሰሩት ማንጎው ላይ ነው። ገመዱ የናይሎን ነው፤ የማይበጠስ፣ የሚፈገፍግ። አንደኛው በሬ ውኃ ያየ እንደሆነ የሚደነብር ነበርና ሦስት ሳምንት ሙሉ ግንዱን ሲዞር ከረመ። ውኃው ሲሸሽና በሬዎቹ ሲፈቱ የማንጎው ግንድ ዙሪያውን አንድ ስንዝር ያህል ተልጦ እንጨቱ ነጭ ሆኖ ታየ።

እማማ ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ሽማግሌ ገብቶ ነበር» አሉኝ። «ካሣ አሉ። ምን ካሣ? ዛፉን ይመልስልኝ አልሁ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። መሬቱንም ሌላ ሰው አርሶልኛል።»

የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ልጥ ስለ ተገፈፈበት ዛፍ የሚናገረውን ምዕራፍ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ሰሌዳው ላይ አንድ ግንድ እሥላለሁ፤ ወደ ላይ የሚወጣውን በሰማያዊ፣ ወደ ታች የሚወርደውን በቀይ ጠመኔ። ከዚያ ግንዱን ዙሪያውን እንደ ቀለበት አጠፋና «ዛፉ ምን ይሆናል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ተማሪዎቼ ይመልሳሉ፤ እኔም «ጎበዝ» እላለሁ። መልሱን እንዲህ ለሚጠብቅ ሰው ፊት ለፊት ተናግሬው ግን አላውቅም።

«መጥቼ ልየው» አልኋቸው።

ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ እስከ መገንጠያው ሄጄ ከዚያ በእግሬ ቀጠልሁ። የሩዝ አጨዳ ላይ ነው፤ ሜዳው ወርቃማ ሆኗል፤ ጭቃው ግን ገና አልደረቀም። ከሩቅ የእማማን ማንጎ ሳየው ልቤ ቀለለ። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ አንድም የጠወለገ የለውም። ስጠጋ ግን የፈራሁትን አየሁ። የተላጠው ቦታ ደርቆ ግራጫ ሆኗል። ከቁስሉ በላይ ያለው የልጥ ጠርዝ እንደ ከንፈር አብጧል። ከቁስሉ በታች ያለው ጠርዝ ግን ምንም አላበጠም፤ ቀጭን ነው፤ ደረቅ ነው።

እማማ በርጩማ አምጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። «ተናገሪ» አሉኝ።

እብጠቱን እንዲዳስሱት እጃቸውን ወሰድሁ። «ዛፍ ሁለት ዓይነት መንገድ አለው፣ እማማ። ውኃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው በእንጨቱ ውስጥ ነው፤ ከዓይን በሚያመልጡ ቀጫጭን ቱቦዎች። በሬው እሱን አልነካውም። ቅጠሉ ያልጠወለገው ለዚያ ነው። ቅጠሉ በፀሐይ የሚያዘጋጀው ምግብ ግን ወደ ሥር የሚወርደው በልጡ ነው። ይኸ እብጠት ሊወርድ መጥቶ መንገድ ያጣ ምግብ ነው።»

«እና ሥሩ አሁን ምን ይበላል?»

«ያጠራቀመውን ይበላል።»

«ሲያልቅበትስ?»

እጃቸውን ከእብጠቱ ወደ ደረቁ የታችኛው ጠርዝ አወረድሁት። እማማም ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ብድግ ብለው ከደረቴ ላይ ገለባ አራገፉልኝና እርጎ ሊያመጡ ገቡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ያ ምዕራፍ ደረሰ። ጠመኔውን ትቼ የዱባ ሐረግ ይዤ ገባሁ። የዱባ ሐረግ ሲቆረጥ ቱቦዎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ያለ መሣሪያም ይታያሉ። በምላጭ ስስ አድርጌ ቆርጬ፣ ከትምህርት ቤቱ አጉሊ መነጽሮች አንዱ ደህና ስለነበር፣ በተራ አሳየኋቸው። ዛይለም የምንለው፣ ውኃ የሚያወጣው፣ ጫፍ ለጫፍ የተገጣጠሙ ህዋሶች ናቸው፤ ግድግዳቸው ጠንክሮ፣ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ፣ ሥራ የሚጀምሩት ከሞቱ በኋላ ነው። ፍሎየም ግን ሕያው ነው፤ በህዋስና በህዋስ መካከል ያለው ግድግዳ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው፤ ቅጠሉ የሠራው ስኳር የሚያልፈው በዚያ ነው።

አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪ፣ ብዙ የማትናገር፣ «መምህር፣ የሞተው ቱቦ ውኃ ካመላለሰ ሌላው ሕያው መሆን ለምን አስፈለገው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ውኃ ሽቅብ የሚሳበው ከቅጠሉ በሚተነው ውኃ ነው አልኋት፤ ቱቦው ራሱ አይደክምም። ስኳር መጫንና ማራገፍ ግን ጉልበት ይጠይቃል፤ ሕይወት ያለው ህዋስ ይፈልጋል። እየመለስሁላት ሳለ ሐሳቤ እማማ ጉብታ ላይ ነበር። በዚያ ሳምንት ካስተማርሁት ሁሉ ያንን ክፍለ ጊዜ ነው የማስታውሰው።

በጥር ወር ከእማማ መልእክት መጣ። «ማንጎዬ ዳነ፤ መጥተሽ እዪ» የሚል ነው።

ሄድሁ። እውነትም ዛፉ እንደዚያ አብቦ አይቼው አላውቅም። ቅጠሉ አልታይ እስኪል ድረስ በአበባ ተሸፍኗል፤ ንቡ ያጉረመርማል። ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጥቷል። አንዷ ሴትዮ «በሬው ባረከው እንጂ አልጎዳውም» ብላ ሳቀች፤ እማማም ሳቁ። ከጥቅምት ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። ሰው እስኪበተን ጠበቅሁ። ከዚያም እየፈራሁ ነገርኋቸው፤ አበባው የበዛው ወደ ሥር መውረድ ያቃተው ምግብ ከላይ ስለቀረ ነው፤ ዛፉ አልዳነም፤ ሥሩ እየተራበ ነው።

እማማ ረዥም ጊዜ አበባውን አዩት።

«ነገ ብትነግሪኝስ ምን ነበረ?» አሉኝ። «ዛሬን ደስ ብሎኝ ባድር ምን ነበረ?»

ያን ጊዜ ነው አንድ ያሰብሁትን፣ ግን ለመናገር የፈራሁትን የነገርኋቸው። ኮሌጅ ሳለሁ በአንድ ያረጀ ጽሑፍ ላይ አንብቤዋለሁ። ከራሱ ከዛፉ ቀንበጦች ይቆረጣሉ። የቀንበጡ አንድ ጫፍ ከቁስሉ በታች ባለው ጤነኛ ልጥ ሥር፣ ሌላው ጫፍ ከቁስሉ በላይ ባለው ልጥ ሥር ይገባል። ከያዘ ምግቡ በቀንበጡ አድርጎ ቁስሉን ይሻገራል።

«ሠርተሽው ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«እንሞክረዋ» አሉኝና ቢላ ሊፈልጉ ተነሡ።

በየካቲት መጀመሪያ፣ አበባው ሲረግፍ፣ ሁለታችን ቀኑን ሙሉ ሠራን። ቀንበጦቹን ቆርጬ ጆንያ ላይ ዘረጋሁ። ልጡ አልከፈት አለኝ፤ በበጋ ከእንጨቱ ጋር ይጣበቃል። በኃይል ስገፋው ይሰነጠቃል። እንደምንም ስምንት ቀንበጥ አስገባሁ፤ በትንንሽ ምስማር መታሁ፤ በጭቃና በእበት መረግነው። እማማ በየቀኑ ውኃ ያርከፈክፉበት ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ጭቃው ተሰነጣጥቆ ወድቋል። ቀንበጦቹ ስምንቱም ደርቀዋል፤ ሲነኳቸው ይሰበራሉ።

«ተይው፣ ልጄ» አሉኝ እማማ። «የአንች ጥፋት አይደለም።»

የኔ ጥፋት መሆኑ ይሰማኝ ነበር። ያን ዕለት ወረታ እስክገባ ባጃጅ ውስጥ አለቀስሁ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና ሙዚቃውን ቀነሰው፤ አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ እቤቴ በር ድረስ አደረሰኝ።

በሚያዝያ ቅጠሉ መገርጣት ጀመረ። ከዚያ ሁሉ አበባ የያዘው ፍሬ እንቁላል ሳያህል ረገፈ። እማማ ፍሬውን በቁና እየሰበሰቡ ለፍየል ይሰጡ ነበር። በዚያ ሳምንት ለእማማ ሳልነግር ከደረቁት ቀንበጦች ጥቂቱን በላስቲክ ይዤ ወደ ዋርሳቸው ቤት ወረድሁ።

የሄድሁበት ምክንያት ቀላል ነው፤ በዚያ ቀበሌ ሞፈርና ቀንበር የሚጠርቡት እሳቸው ናቸው። እንጨት የሚያውቅ እጅ ያስፈልገኝ ነበር። አዲስ በሠሩት ግድግዳ ጥግ ተቀምጠው ሞፈር ሲያለሰልሱ አገኘኋቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያናግሩ መሬት የሚያዩ ሰው ናቸው። ማን እንደሆንሁና ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። አንዱን ቀንበጥ ተቀበሉኝና ወደ ብርሃን አቅርበው አዩት።

«ይኸኛው እንዴት ነበር የቆመው?»

ምስማሩ የገባበትን ጫፍ አሳየኋቸው። ሌላውንም አዩ። ሦስተኛውንም።

«ይኸ ራሱን ወደ ታች ነው ያቆምሽው፣ ልጄ» አሉኝ። «ቅጠሉ የነበረበትን ጠባሳ እዪው፤ እንቡጡ ከጠባሳው በላይ ነው የሚቀመጠው። ይኸን ግን ከታች አድርገሽዋል። እንጨት ላይና ታቹን ያውቃል።»

ጆንያው ላይ ስዘረጋቸው ጫፋቸው ተደባልቆብኝ ነበር። የቀንበጥ ቱቦ አቅጣጫ እንዳለው ስንት ዓመት ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

«እርስዎ ቢቆርጡልኝስ፣ ጋሼ?» አልኋቸው። «እኔ የት እንደሚነካ አሳይዎታለሁ።»

ከሞፈሩ ላይ የተላጠውን ቅርፊት በጣታቸው ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

«ውኃው ሸሽቶ በሬዎቹን የፈታሁ ዕለት አየሁት» አሉ በመጨረሻ። «መጥረቢያ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መሬት ስናቀና ትልቁን ዛፍ አንቆርጠውም፤ ዙሪያውን ልጠን እንተወዋለን። በዓመቱ፣ በሁለት ዓመቱ ቆሞ ይደርቃል። የወንድሜን ዛፍ እንደገደልሁት ያን ዕለት አውቄያለሁ። ሽማግሌ ፊት 'ምን ሆነ፣ ለምለም አይደለም ወይ' ያልሁት ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው። ቤቴ ፈርሷል። ልጆቼ ሰው ቤት ናቸው። ያስጠጉኝ እትዬ ናቸው። ምን ፊት ይዤ ልቁም?»

«ይኸን ለእማማ ነግረዋቸዋል?»

«እንዴት ብዬ?»

ከዚያ ተነሥተው የቀረውን ቀንበጥ ሁሉ ከላስቲኩ አወጡና አንድ በአንድ አዩት። «ዝናቡን ጠብቂ» አሉኝ። «ሁለት ሦስቴ ሲጥል ልጡ ራሱ ይለቃል። ያን ጊዜ ላኪብኝ።»

ግንቦት አጋማሽ ላይ ዝናቡ ጣለ። ቅዳሜ ጠዋት ለእማማ ማን እንደሚመጣ ነገርኋቸው። አልተቆጡም፤ ነጠላቸውን ጎተት አድርገው ቤታቸው ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት። ዋርሳቸው መጥተው ከአጥሩ ውጭ ቆሙ።

«ቤቶች!» አሉ።

ከውስጥ ድምፅ የለም።

«እትዬ፣ ለዛፉ ነው የመጣሁት። እርስዎ አይውጡ። ሠርቼ እሄዳለሁ።»

ሰውየው ወደ እኔ አዩ፤ እኔም ወደ ዛፉ ጠቆምኋቸው። አጥሩን አልፈው ገቡ።

ሥራቸውን ማየት ደስ ይል ነበር። በመጀመሪያ የቁስሉን ጠርዝ፣ ላይና ታቹን፣ እርጥብና አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ አጸዱት። ሰባት ቀንበጥ ቆረጡ፤ ሲቆርጡ በየአንዳንዱ ታችኛ ጫፍ ላይ በከሰል ምልክት አደረጉ። ጫፎቻቸውን እንደ ሽብልቅ አሾሉ። ልጡን በካራቸው ሲሰነጥቁት ከእንጨቱ ላይ እንደ ረጠበ ሳሙና እየተንሸራተተ ተከፈተ። ያንን የሚያንሸራትተውን ስስ ንጣፍ በጣታቸው እንዲነኩት አደረግሁ። «ካምቢየም ይባላል» አልኋቸው። «ወደ ውስጥ እንጨት፣ ወደ ውጭ ልጥ የሚወልደው ይኸ ነው። የቀንበጡ ካምቢየም የግንዱን ካምቢየም ካልነካ አይይዝም።»

«ይኸ ነዋ የሚያዳልጠኝ» አሉ። «ስሙን አላውቀውም እንጂ ዕድሜ ልኬን ነክቼዋለሁ።»

ቀንበጦቹን ትንሽ ቀስት አስመስለው አጎበጧቸው፤ ዛፉ በነፋስ ሲወዛወዝ እንዳይነቀሉ። ከባጃጅ ጎማ ውስጥ በሚወጣው ላስቲክ አሰርናቸው። አሁን የቀረው ማሸጊያ ነው። ጭቃ እንደማይሆን አውቄያለሁ፤ ግን ሌላ ነገር አላመጣሁም። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ። እማማ ከፍም ላይ ያወረዱትን ድስት በጨርቅ ይዘው መጡ። ውስጡ የቀለጠ ሰፈፍ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሊያደርጉት ያስቀመጡት እንደሆነ አውቃለሁ።

ድስቱን በዋርሳቸውና በእኔ መካከል መሬት ላይ አኖሩት። «እንዳያቃጥላችሁ» አሉና ተመልሰው ገቡ። በዚያ ቀን የተናገሩት ይኸንኑ ብቻ ነው።

የማንጎ ደም፣ ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ፣ አንዳንዱን ሰው እንደሚያቃጥል ሰምቼ ነበር፤ ለሰውየው ማስጠንቀቅ ረሳሁ። በማግስቱ እሑድ እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዋርሳቸውን መንገድ ላይ አገኟቸው። ፊታቸው አብጦ፣ አንድ ዓይናቸው ተጨፍኖ፣ ክንዳቸው ሽፍ ብሎ። እማማ ራሳቸው እንደነገሩኝ አይተዋቸው ሊያልፉ ነበር። ከዚያ ቆሙ።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የመሰልኸው?»

«ማንጎው ነው፣ እትዬ።»

«ማንጎው?»

«ተበቀለኝ።»

እማማ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። መንገድ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚው ሁሉ እያለ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሰውየውም ባበጠው ፊታቸው ሳቁ። ከዚያ እማማ ቤት ወስደው ፊታቸውን አጥበው ለጋ ቅቤ ቀቡላቸው። ሰውየው እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ዓይናቸው ተጨፍኖ ሳለ፣ ለእኔ የነገሩኝን ሁሉ ለእማማ ነገሯቸው። እማማ ምን እንዳሉ ጠይቄያቸው ነበር። «ምን እላለሁ?» አሉኝ። «አውቃለሁ አልሁት። ያላወቅሁት እሱም ማወቁን ነው።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰፈፉን በጥፍሬ ቀስ ብዬ አነሣሁ። ከሰባቱ አምስቱ አረንጓዴ ናቸው። በሁለቱ ላይ ትንንሽ ቀይ እንቡጥ ወጥቷል። እንቡጡን በጣቴ አራገፍሁት፤ እማማ «ምነው!» ብለው ጮኹ። ቀንበጡ የራሱን ቅጠል እንዳያሳድግ፣ ሥራው ማሻገር ብቻ እንዲሆን ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ቅር አላቸው።

ክረምቱ ገባ። ውኃው ያን ዓመትም ሜዳውን አለበሰው፤ እስከ ጉብታው ግን አልወጣም። ዋርሳቸው ለበሬዎቻቸው ከማንጎው ራቅ አድርገው አራት ወፍራም ካስማ ተክለው ነበር። አንዱ ቀንበጥ በእርጥበቱ በሰበሰ። አራቱ ቀሩ። መስከረም ላይ የእማማን ማሳ ማን እንዳረሰው አልጠየቅሁም፤ ሞፈሩ አጥሩ ላይ ተደግፎ አይቼዋለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ዛፉ አላበበም ማለት ይቻላል። እማማ ፈሩ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ምግቡ ወደ ሥር እየወረደ ስለሆነ ነው። አዲስ የወጣው ቅጠል ግን ጥቁር አረንጓዴ ነበር፤ እንደ ዱሮው። አራቱ ቀንበጦች አሁን አውራ ጣት ያህላሉ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ያሉት እርስ በርሳቸው መነካካት ጀምረዋል። ተማሪዎቼን አንድ ቅዳሜ ይዤ ሄጄ ነበር፤ እማማ ቆሎ ቆልተው ጠበቁን። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ ቀንበጡን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ስትዳስሰው አየኋት። ያስረዷቸው ዋርሳቸው ናቸው። «ካምቢየም» የምትለዋን ቃል እንደ ጠላት ስም እየጠሩ ሁሉንም አሳቋቸው።

ሰውየው ከዚያ ወዲህ ሲያገኙኝ ጥያቄ አያጡም። ባለፈው መስከረም መንገድ ላይ አስቆሙኝና ከሩዝ ማሳቸው ዳር ወሰዱኝ። ውኃው እስከ ጉልበት ነው።

«አንድ ነገር ንገሪኝ» አሉኝ። «ጤፍ እዚህ ብዘራ በሳምንቱ ሥሩ ይበሰብሳል። ሩዝ ለምን አይበሰብስም? ሥሩ በምን ይተነፍሳል?»

አንድ የሩዝ አገዳ ነቅለው ሰጡኝ። ቅጠሉ አገዳውን የሚያቅፍበትን ወፈር ያለውን ክፍል በካራቸው አቋርጬ ቆረጥሁና አሳየኋቸው፤ ውስጡ በባዶ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። «ከውኃውና ከምግቡ መንገድ ሌላ ሩዝ የአየር መንገድ አለው፣ ጋሼ። ከላይ የሚገባው አየር በዚህ እስከ ሥሩ ይወርዳል።»

ተቀብለውኝ ውኃ ውስጥ ከትተው በጣታቸው ጨመቁት። ከተቆረጠው በኩል ትንንሽ አረፋ ወጣ። እንደገና ጨመቁት። ከዚያ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው አረማቸውን ለመቀጠል ወደ ማሳው ገቡ፤ ሦስት እርምጃ ሄደው ቆሙና ሌላ አገዳ ነቅለው ደግሞ ጨመቁ።